ለጌም ቤቴ መብራት የሠራልኝን ልጅ አመስግኑልኝ

ጌም ቤት ያላችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ፕሌይስቴሽን ያላችሁ ሰዎች ይህን ልጅ እወቁልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ፕሌይስቴሽን 4 ያሏት ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። አራቱም ማሽኖች ጥቁር ናቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ቤቱ ሲሞላ ልጆቹ «የቱ ነው የተለቀቀው?» «የኔ ሰዓት የቱ ላይ ነው?» እያሉ ይጣሉብኛል። ለየማሽኑ ሆድ የየራሱ ቀለም ያለው መብራት ላስገባለት አልኩ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። ለዓይን ያምራል፣ ለእኔም ሰዓት መያዣ ይሆነኛል።

መጀመሪያ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነበር። በቀዩ ጀመረ። ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ጥቅልል ገዝቶ፣ ኮረንቲውን ከማራገቢያው ገመድ ላይ ቀጠለና በናስትሮ ጠቀለለው። መብራቱን የለጠፈው ደግሞ ማሽኑ ወገብ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ያ ስንጥቅ ጌጥ ይመስላል እንጂ ማሽኑ አየር የሚስብበት ነው። ሳምንት ሳይሞላው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ማሽኑ በጣም ሞቋል የሚል ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣና ጠፋ። ያ ማሽን የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንድ ደንበኛዬ «ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ልጅ አለ» ብሎ ይህን ባለሙያ አመጣልኝ። ወጣት ነው። ቦርሳውን ፈቶ በመጀመሪያ ያወጣው ካውያ ሳይሆን ብሩሽ ነበር። ማሽኑን ከፍቶ አቧራውን ጠረገ። የተለጠፈውን ሁሉ ላጠ። የማራገቢያውን ገመድ እንደ ነበረው መለሰና በቴስተር ለካው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ መብራቱ ማውራት የጀመረው።

ኮረንቲውን ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን ኮረንቲ ተቀብሎ ለማሽኑ ከሚሰጠው ሳጥን፣ ለምን በቀጥታ አትወስድም አልኩት። «ጋሼ፣ ይህን ሳጥን ከሶኬት ቢነቅሉትም እንዳይከፍቱት» አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት እዚያ ውስጥ ሲገባ 300 ቮልት ገደማ ሆኖ ካፓሲተር የሚባል ኮረንቲ መያዣ ላይ ይጠራቀማል። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ እዚያው ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይጎዳል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ባለፈው ለማየት ብዬ በጠመንጃ መፍቻ ልከፍተው ዳድቶኝ ነበር። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

እሱ የመረጠው ከዩኤስቢው ጀርባ መውሰድን ነው። እዚያ ያለው 5 ቮልት ብቻ ነው። ፊት ለፊት ያሉት የዚህ ማሽን ዩኤስቢዎች እስከ 0.9 አምፔር ይሰጣሉ። ለአንድ ማሽን 12 ጥቃቅን አምፖሎች አደረገ፣ ሁሉም ተደምረው የሚበሉት 0.1 አምፔር ገደማ ነው። ለእያንዳንዷ አምፖል አንድ ሬዚስተር፣ ማለትም ኮረንቲ የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ በየደላት። ሰማያዊ፣ ነጭና እሱ ያመጣው አረንጓዴ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ቀይ ግን 2 ገደማ ይበቃዋል። የተረፈውን ሬዚስተሩ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለቀዩ 330 ኦም፣ ለሌሎቹ 220 ኦም አስገባ። ወረቀት ላይ እየደመረና እየቀነሰ አሳየኝ። ያችን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ገመዱ መነሻ ላይ ትንሽ ፊውዝ ጨመረ። ናስትሮ የሚባል ነገር አልነካም፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፈነው። አምፖሎቹን ከአየር መንገዱ ፈቀቅ አድርጎ ወደ ውስጥ አዙሮ ተከላቸው። አሁን ብርሃኑ ፕላስቲኩ ላይ ነጥሮ በስንጥቁ ለስለስ ብሎ ይወጣል፣ ዓይን አይወጋም። ሲጨርስም አልሄደም። ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ አጫወተው፣ እጁን እያስጠጋ ሙቀቱን እያየ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሽኑ ሲያሸልብ ዩኤስቢው ኮረንቲ መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል፣ ያኔ መብራቱም አብሮ ይበራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያንን አጠፋልኝ። በዚህ የተነሳ ማሽኑ ተኝቶ ሳለ ጆይስቲክ ቻርጅ አያደርግም። መብራቱ ከተቀጠለበት ቀዳዳ ላይ ጆይስቲክ እንዳንሰካም አስጠንቅቆናል፣ ምልክት ለጥፎበታል። እኔ አሁን ጆይስቲኮቹን ማታ ማታ በስልክ ቻርጀር ነው የምሞላው። ችግር አልሆነብኝም፣ ግን አስቀድማችሁ እወቁት።

ለአንድ ማሽን 1,500 ብር ከፈልኩ። ለቀዩ የጽዳት ዋጋ አልጨመረብኝም። ሦስት ወር ሆነው። አራቱም ማሽኖች ጸጥ ብለው ይሠራሉ። ልጆቹም አሁን በር ላይ ሆነው «ሰማያዊው ተለቀቀ?» ነው የሚሉት። ጠቡ ቀርቷል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ገንዘቤን ተቀብለህ መሄድ ስትችል ቁጭ ብለህ አስረድተኸኛል።

ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ እሱን አስፈቅጄዋለሁ። ጠዋት እስከ 5 ሰዓት ካውያ እጁ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም። ከዚያ በኋላ ደውሉለት። የማሽናችሁን ሞዴል ከጀርባው አንብባችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።