ያሪስ፦ «ፍሬኗ ተፈጥሮው ነው» ላሉኝ ሁሉ

ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ ከገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ነዳጅ አትበላም። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ጠባብ ቦታ ገብታ ትቆማለች። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ እንደ ልብ ይገኛል። ይህን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው አልቆይበትም። መናገር የምፈልገው ስለ ፍሬኗ ነው።

ከገዛኋት ጀምሮ ፔዳሉ ሲረገጥ ይሰምጥ ነበር። ይይዛል፣ ግን ዘግይቶ። ሻጩን ስጠይቀው «የያሪስ ፍሬን ለስላሳ ነው፣ ተፈጥሮው ነው፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። ደላላውም «እውነቱን ነው» ብሎ አጸናለት። በኋላ ያማከርኳቸው መኪና ነጋዴዎችም ያንኑ ደገሙልኝ።

ይህን ንግግር ፈጽሞ አልቀበልም። እግራችን ፔዳሉን ሲረግጥ ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘይት ነው። ፈሳሽ ደግሞ ቢጫኑት አይጨመቅም። ፍሬን የሚሠራውም በዚህ ነው። ፔዳሉ ከሰመጠ ወይ መስመሩ ውስጥ የሚጨመቅ ነገር ገብቷል፣ ወይ የሚያፈስ፣ የሚለጠጥ ወይም የላላ ነገር አለ። ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ አይለመድም።

ነገሩ የለየለት ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። ከፊታችን ተሳቢ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ኩርባው አያልቅም፣ ፍሬን ሳይነኩ መውረድ አይቻልም። መሀል ላይ ስንደርስ ፔዳሉ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስረግጠው ያዘልኝ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረድኩና ጥግ ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴና ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። «ትለምደዋለህ» ያለኝ ሰው ያኔ አጠገቤ ቢኖር ደስ ባለኝ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ፔዳሉ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። ሲሞቅ ሰምጦ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፍሬን ካያችሁ መጀመሪያ ዘይቱን ጠርጥሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በደረጃው መሠረት ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባው ግን መመዘኛው 140 ላይ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ውሃ የጠጣ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት። እኛ የሞተር ዘይት ኪሎ ሜትር ቆጥረን እንቀይራለን። የፍሬን ዘይት ግን ሲጎድል ይሞላል እንጂ ማን ይቀይረዋል?

ስንመለስ ያሳየሁት ጋራዥ ፔዳሉን አንዴ ረገጥ አደረገና «ማስተሩ ሞቷል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። የፍሬን ማስተር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር፣ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ከመክፈሌ በፊት ራሴ ላየው ወሰንኩ።

ሞተሩን አስነስቼ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩ። ማስተሩ ከውስጥ የሚያሳልፍ ቢሆን ፔዳሉ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አልወረደም። ቀጥዬ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ከፍ እያለና እየጠነከረ መጣ። ይሄ የሚያሳየው አየር መግባቱን ወይም የኋላው ሸራ፣ ማለትም እየታሸ ጎማውን የሚያቆመው፣ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) መራቁን ነው። ጎማዎቹን በየተራ ከውስጥ በኩል ዳበስኩ፣ የፈሰሰ ዘይት የለም። የእህቴ ልጅ ሲረግጥ ዘይቱ የሚያልፍባቸውን የላስቲክ ቱቦዎች ይዤ አየሁ፣ አያብጡም። የኋላ ቀኙን ታምቡር ስከፍት ነገሩ ተገለጠልኝ። ሸራው አዲስ፣ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሲሊንደርም አዲስ። ልትሸጥ ስትል ቀይረውላታል፤ አየሩን በደንብ አላወጡትም፣ ሸራውንም ወደ ታምቡሩ አላስጠጉትም።

አዲስ ዶት 3 ገዛሁ። ደረጃው ዘይት ማስቀመጫው ክዳን ላይ ተጽፏል። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ፣ ከኋላ ቀኙ ጀመርን። አየር ማውጫዋ ቡሎን ላይ በውስጡ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ሰካሁና ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት።

«ርገጥ!»
«ረግጫለሁ ጋሼ።»
«እንዳትለቅ!»

ቡሎኗን ላላ ሳደርጋት የወጣው ዘይት የቡና አተላ ይመስላል። በመሀሉ አረፋ ተከታትሎ ይመጣል። ቡሎኗን አጥብቄ «ልቀቅ» እለዋለሁ። ቡሎኗ ሳትጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ማስቀመጫውም መሀል ላይ ባዶ መሆን የለበትም፣ እየሞሉ መሄድ ነው። አራቱንም ጎማ እንዲህ አዳረስን፣ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ዘይት እስኪወርድ ድረስ። የኋላውንም ሸራ አስተካከልኩ። ፔዳሉ አሁን ከላይ ነው የሚይዘው፣ ጠንካራ ነው። ማስተሩን አልቀየርኩም። ከዚያ ወዲህ አባይን ወርጄበታለሁ፣ ፍሬኑ ንቅንቅ አላለም።

ራሳችሁ ልትሠሩት ካሰባችሁ ዘይቱ ቀለም ይልጣል፤ ጠብ ካለባችሁ ወዲያው በውሃ እጠቡት። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። «ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምርበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት፤ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዙትን የውስጥ ላስቲኮች አሳብጦ ሙሉ ፍሬኑን ያበላሻል። አየሩ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ውስጥ ከገባ ግን በኮምፒውተር የሚያስወጣ ባለሙያ ጋ መውሰድ ይሻላል።

አሁን ሻጮቹን የምጠይቀው አለኝ። ይህን ለመሥራት ጥቂት ጠርሙስ ዘይትና አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነበር። ያን ያህል ሠርቶ መሸጥ ምን ይከብድ ነበር? መኪናዋን ስሟን ከማጥፋት አይሻልም?

ያሪሷን በመግዛቴ አልተጸጸትኩም፣ ልሸጣትም አላስብም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችውን ይዘን ብዙ መቆየታችን ነው። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ፣ ያሪስም ትሁን ሌላ፣ ሻጩ አጠገባችሁ እያለ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙ፣ ቶሎ ቶሎም ርገጡት፣ ክዳኑን ከፍታችሁ የዘይቱን ቀለም እዩ። የፍሬን ዘይት መቀየሪያውንም ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።