ቻትጂፒቲ ይጻፍልን ወይስ ያርምልን?

ደሴ ላይ ማመልከቻ ወይም የሠርግ ጥሪ ለመጻፍ ስልክ ያወጣህ ሰው ሁለት መንገድ አለህ። ስትጠይቀው በጽሑፍ የሚመልሰውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቻትጂፒቲን ሙሉውን "ጻፍልኝ" ማለት ወይም ራስህ ጽፈህ "አርምልኝ" ማለት።

"ጻፍልኝ" ፈጣን ነው። ለቢሮ ማመልከቻ እኔም እሱን እመርጣለሁ፤ እዚያ የሚፈለገው ደረቅ ቋንቋ ነው። ለቅሶ ላይ ግን አይሆንም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የተለቀቀው ቻትጂፒቲ የሚሠራው ካነበበው ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁራጭ ቃል እየገመተ ነው፣ ያነበበው ደግሞ በብዛት እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛው ትንሽ ነው። ስለዚህ ለአክስትህ የማጽናኛ መልእክት ሲጽፍ ሰዋስዉ ልክ ሆኖ የማንም ያልሆነ ደብዳቤ ይሰጥሃል። የወሎ ዱዓና ምርቃት፣ አረብኛና አማርኛ የሚቀላቀልበት መንዙማ፣ ብዙው በቃል የሚኖር ነው። ያልተጻፈውን ከየት ያምጣው?

"አርምልኝ" ጊዜ ይወስዳል። ግን የአነጋገሩ ለዛ ያንተ ነው፤ እሱ የፊደል ግድፈት ይለቅማል፣ የተንዛዛውን ያሳጥራል። ብቻ እርማቱን ሳታነብ አትላክ፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ያገርህን አነጋገር ስሕተት መስሎት ያቃናዋል። ያኔ የራስህን መልሰው። ድርሰት ለሚለማመድ ተማሪማ ምርጫ የለውም፣ መጀመሪያ ራሱ ይጻፍ።