የስኮትላንድ ተራሮችና ደሴቶች፦ በሚኒባስ ቱር፣ በኪራይ መኪና፣ በካምፐርቫን ወይስ በባቡርና በፌሪ?

ስኮትላንድን ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋ ያወዳድራል። የሦስት ቀን ቱር ስንት ነው፣ መኪና ተከራይቶ መሄድስ ስንት ያስወጣል እየተባለ ይደመራል፣ ይቀነሳል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት የማስቀድመው ጥያቄ አለ፦ አየሩ ሲበላሽ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? እዚያ አገር «አየሩ ይበላሽ ይሆን?» ተብሎ አይጠየቅም። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፣ ከምሳ በፊት ወጨፎ ወርዶ፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው በጉም ተሸፍኖ፣ ማታ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ሊል ይችላል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን። ጉም የሚያበላሸው ፎቶ ብቻ ነው። ነፋስ ግን ፌሪ (ሰውና መኪና የሚያሻግረውን መርከብ) ያስቀራል፤ ፌሪ ሲቀር ደግሞ የከፈላችሁበት አልጋ ባሕር ማዶ ይቀራል።

የሐበሻ ልጅ የስኮትላንድን ተራሮች ከፍታ ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። ከሁሉም የሚበልጠው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ቁጥሩ ግን አያታላችሁ። አገሩ ከምድር ወገብ 57 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን የራቀ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ዝናብና ነፋስ በቀጥታ የሚያርፍበት ዳርቻ ነው። ግንቦት ገብቶም እንኳ የቤን ኔቪስ አናት ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። ዳገቱን የለመደ እግር እዚያ ብዙም አይቸገርም፤ የሚፈትነው ብርዱና እርጥበቱ ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ስኮትላንድ የብሪታኒያ አካል ስለሆነች የሸንገን ቪዛ አያስገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የብሪታኒያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት (ከአየርላንድ በስተቀር) ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ አስቀድሞ በኢንተርኔት ያወጣል።

የሚኒባስ ቱር

ከኤድንብራ፣ ከግላስጎ ወይም ከኢንቨርነስ የሚነሱ፣ አብዛኞቹ 16 ሰው ገደማ የሚጭኑ ሚኒባሶች አሉ። ሾፌሩ ራሱ አስጎብኚ ነው። የተለመደው የሦስት ቀን ጉዞ በግሌንኮ ሸለቆ አድርጎ ወደ ስካይ ደሴት ይሻገራል፤ እግረ መንገዱን ኢሊን ዶናን ቤተ መንግሥት ጋ ይቆማል፣ ሲመለስ ሎክ ኔስ ሐይቅን ያሳያል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ዓይኔን ሳላሽ እመርጥለታለሁ። ምክንያቱም ስካይ ከ1995 ጀምሮ ድልድይ አላት። ደሴት ናት፣ ግን ፌሪ ቀረ ብሎ የሚሰረዝ ጉዞ የለም። በምዕራብ በኩል ዝናብ ከሆነ ሾፌሩ መንገዱን ገልብጦ በሌላው በኩል ይጀምራል፤ የት ሻይ እንደሚገኝ፣ የትኛው ፏፏቴ በዝናብ ጊዜ እንደሚያምር ያውቃል። አየሩን የማንበብ ሥራው የእሱ ነው።

ጉድለቱ ሰዓት ነው። ኦልድ ማን ኦፍ ስቶር የሚባለው የድንጋይ ዓምድ ሥር ለመድረስ በእግር ወጥቶ መውረዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስትደርሱ ጉም ከሸፈነው ሚኒባሱ እስኪገለጥ አይጠብቃችሁም። በግል የመጣ ሰው ግን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢታገሥ ሊገለጥለት ይችላል።

ስትገዙ አንድ መስመር በደንብ አንብቡ፦ ማደሪያው በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? በብሪታኒያ የ2018 የፓኬጅ ጉዞ ደንብ መሠረት መጓጓዣና ማደሪያን አንድ ላይ የሸጠላችሁ ድርጅት፣ የጉዞው ዋና ክፍል በአየር ምክንያት ሲቀር ተመጣጣኝ አማራጭ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማራጩ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ዋጋ መቀነስ ይኖርበታል። ወንበር ብቻ ገዝታችሁ አልጋውን ራሳችሁ ካስያዛችሁ ግን የአልጋው ኪሳራ የእናንተ ነው። በርካሹና በውዱ ቱር መካከል የምታዩት የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

በነገራችን ላይ፣ ከኤድንብራ ወደ ስተርሊንግ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ላርበርት የምትባል ከተማ አለች። በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን የጻፈው ጄምስ ብሩስ የተቀበረው እዚያ ነው። የቱር መኪኖች ዝም ብለው ያልፏታል፤ በግል መኪና ለሚሄድ ግን ብዙ የሚያዞር መንገድ አይደለም።

የኪራይ መኪና

ለአራት ሰው ወይም ልጆች ላሉት ቤተሰብ፣ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል አብዛኛውን ጊዜ ከቱር ይረክሳል። ግን በግራ መንዳት አለ፣ እሱም ቀላሉ ነው። ከባዱ ባለ አንድ መስመር መንገድ ነው። ሁለት መኪና የማያሳልፍ ጠባብ አስፋልት፣ በየተወሰነ ርቀት ጎኑ ሰፋ ይላል፤ እዚያ ነው የሚተላለፉት። ሕጉ እንዲህ ነው፦ መተላለፊያው በግራችሁ ከሆነ ገብታችሁ ትቆማላችሁ፤ በቀኛችሁ ከሆነ ወደዚያ አትሻገሩም፣ ትይዩው ላይ ቆማችሁ የሚመጣው እንዲገባበት ትጠብቃላችሁ። ያሳለፋችሁን ሰው እጅ ከፍ አድርጎ ማመስገን ደንብ ነው። ከኋላ የአገሬው ሰው ተከትሏችሁ ከሆነም ገባ ብላችሁ አሳልፉት፤ ወደ ሥራው ነው የሚሄደው። በግ መንገድ ላይ ተኝቶ ታገኛላችሁ፣ ክላክስ አያስነሣውም። በእንዲህ ያለ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው።

ነፋስን በተመለከተ መኪና ተከራይ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ነፋስ ከኋላ እየመጣ በር ከከፈታችሁ፣ በሩን ከእጃችሁ ነጥቆ ማጠፊያውን ሊያጣምመው ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፣ በሩንም በሁለት እጅ ያዙት። ኢንሹራንሱ ይህን ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ መኪናውን በፌሪ ወደ ደሴት ማሻገር ይፈቀድ እንደሆነም እንዲሁ። ማርሽ የማትነዱ ከሆነ አውቶማቲክ በጊዜ ያዙ፣ በክረምታቸው ሳይሆን በበጋቸው (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቶሎ ያልቃል።

ውስኪ ቀማሽ ካለ ሾፌር አይሁን። በስኮትላንድ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ2014 ጀምሮ ከእንግሊዙ 80 ዝቅ እንዲል ተደርጓል።

የመኪና ትልቁ ጥቅም ማምለጫ መስጠቱ ነው። ከማሌግ ወደ ስካይ የሚሻገረው ፌሪ ቢቀር ዞራችሁ በድልድዩ ትገባላችሁ፤ ረጅም ነው ግን ያደርሳል። ይህን ጥቅም የሚገድለው በየሌሊቱ አልጋ መቀያየር ነው። አንድ ቀን ሲበላሽ የሚቀጥሉት አልጋዎች በሙሉ ይዛባሉ። አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት የያዘ ሰው ግን ዝናቡን ፔንሲዮን ውስጥ ሆኖ አሳልፎ በማግስቱ ይወጣል።

ካምፐርቫን

ካምፐርቫን ውስጡ አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና ነው። ማስታወቂያው ያማልላል፦ አልጋና መኪና በአንድ ዋጋ፣ ፈለግህበት ቆመህ እደር። እውነቱ ጠበብ ያለ ነው። በ2003ቱ የመሬት ሕግ ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈቀዳል፤ መብቱ ግን ለእግረኛ እንጂ ለተሽከርካሪ አልተሰጠም። ስለዚህ ማደሪያ ሜዳ ፈልጎ መክፈል አይቀርም። ፌሪ ላይ የመኪናው ርዝመት ዋጋ ይጨምራል። ቁመቱ ነፋስ ያናውጠዋል። ወደ አፕልክሮስ የሚያስወጣው ቢያሎክ ና ባ የሚባለው 626 ሜትር የሚደርስ ጠመዝማዛ ዳገት መግቢያው ላይ፣ ትልልቅ ተሽከርካሪዎችና ተጎታች ቤቶች እንዳይወጡ የሚያስጠነቅቅ ታፔላ አለው፤ ተለማማጅ ሾፌርንም ይጨምራል።

የረጠበ ልብስ ጉዳይም አለ። ፔንሲዮን ውስጥ ማሞቂያ ላይ ይሰጣል፤ ቫን ውስጥ የት ይሰጣል? ሁለት ቀን ከዘነበ ውስጡ ሁሉ ይሸታል። መልካም ጎኑን ካነሳን፣ ጾም ላይ ላለ ሰው የራሱን ሽሮ መሥራት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትንንሽ መንደሮች ውስጥ ምግብ ቤት ቶሎ ይዘጋል። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሆነው ለሚሄዱ፣ ከዚህ በፊት ትልቅ መኪና ለነዱና በቂ ቀን ላላቸው ካልሆነ አልመክረውም።

ባቡር፣ አውቶቡስና ፌሪ

ብዙ ሰው የሚንቀው ይህ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው። ፌሪ ላይ በበጋቸው የሚሞላው የመኪና ቦታ ነው፤ እግረኛ ብዙ ጊዜ ቦታ አያጣም፣ ቲኬቱም ርካሽ ነው። ጉዞው ቢሰረዝ የምታጡት ጥቂት ነው።

ጥሩው መስመር ከግላስጎ ኦባን ነው፤ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ። ከኦባን በፌሪ ወደ መል ደሴት ከአንድ ሰዓት በታች፣ መልን በአውቶቡስ አቋርጦ ፊዮንፎርት፣ ከዚያ በአሥር ደቂቃ አዮና። አዮና ላይ ቅዱስ ኮሎምባ በ563 ገዳም መሥርቷል፤ የጎብኚ መኪና አይገባባትም። የጣና ገዳማትን የተሳለመ ሰው እዚያ እንግድነት አይሰማውም። ልብ በሉ፣ ትንሿ የአዮና ጀልባ ማዕበል ሲነሳ ልትቆም ትችላለች፤ የመልሱን ሰዓት ሠራተኞቹን ጠይቃችሁ ግቡ። ሌላው መስመር ከግላስጎ እስከ ማሌግ ያለው ባቡር ነው፤ 21 ቅስት ባለው በግሌንፊናን ድልድይ ላይ ያልፋል፣ ዝናብ ሆነም ፀሐይ ከመስኮት የምታዩት ያምራል።

ድክመቱ አውቶቡሶች ጥቂት መሆናቸው ነው፤ እሑድና በክረምታቸው ደግሞ ይብሳል። አንዱ ካመለጠ ቀኑ አለቀ።

የትኛው ደሴት?

ስካይ ለአጭር ጊዜ። መልና አዮና መኪና ለሌለው። ሉዊስና ሃሪስ ለታጋሽ፦ ከአላፑል ስቶርኖዌይ ፌሪው ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ይፈጃል፣ ክፍት ባሕር ስለሆነ ያንገላታል። እዚያ ሰንበት ይከበራል፤ እሑድ ብዙ ሱቅና ማደያ ዝግ ነውና ነዳጅና እህል ቅዳሜ ያዙ። ኦርክኒ ደግሞ ተራራ ለሚሻ ሳይሆን ታሪክ ለሚወድ ነው፤ 5,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን የስካራ ብሬ መንደር በ1850 አሸዋውን ገፎ ያወጣው ያው የሚፈራው ማዕበል ነው። ከስክራብስተር በፌሪ አንድ ሰዓት ተኩል።

ጊዜን በተመለከተ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለውን የሚተካከል የለም፤ በምዕራቡ በኩል ዝናቡ ጋብ የሚልበት ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሚጅ የምትባል ዓይን የማትሞላ ተናካሽ ዝንብ በመንጋ ትወጣለች፤ ነፋስ ሲኖር አትበርም፣ ስለዚህ ያን ጊዜ ነፋሱን ትመርቁታላችሁ። በሰኔ ኢንቨርነስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ በታኅሣሥ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል። ጃንጥላ ይቅርባችሁ፣ ነፋሱ ይሰብረዋል። ቆብ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ የሚደራረብ ስስ ሹራብ፤ ጂንስ አንዴ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ስታስይዙ መጀመሪያ የመኪናውን ፌሪ፣ ቀጥሎ ማደሪያውን፣ መጨረሻ ላይ መኪናውን አድርጉ፤ ሌላው ሁሉ በፌሪው ሰዓት ነውና የሚወሰነው። አልጋውን ጥቂት ቢወደድም ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ውሰዱ። ከአውሮፕላናችሁ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሌሊት ደግሞ ድልድይ በሌለው ደሴት ላይ አታድርጉት፤ ግላስጎ ወይም ኢንቨርነስ እደሩ።