ፓፍ ወይስ ዱቄት?

እናቴ ጅማ ውስጥ ክረምት ገብቶ አስሟ ሲነሳባት የምትይዘው ሰማያዊውን ፓፍ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መድኃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ክብደት ለክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። በዱቄት መልክ የሚሳበው ይሄ ጋዝ የለውም፣ በዚህ በኩል በጣም ይሻላል። ግን ጠንከር አድርጎ መሳብ ይፈልጋል፤ ትንንሽ ልጆችና ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች ላይችሉ ይችላሉ። እርጥበትም አይወድም፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እኔ የምለው፣ በደንብ መሳብ የሚችል አዋቂ ሐኪሙን ጠይቆ ወደ ዱቄቱ ቢሄድ ጥሩ ነው። ፓፉን በራሱ ማንም እንዳያቆም! እኛ የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በስተን ፓፉን ሰካንበት፤ እናቴ በጠርሙሱ አፍ ትስባለች፣ መድኃኒቱም ጉሮሮዋ ላይ ከመቅረት ሳንባዋ ይገባል።