ፍሎክስ፣ ኦብሪየታ ወይስ አይቤሪስ? ለፀሐያማ የድንጋይ መደብ የቱ ይገዛ?

በፋሲካ ሰሞን አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለ ችግኝ መሸጫ ጎራ ካላችሁ፣ በድንጋይ መካከል የሚተከሉትን እነዚህን ሦስት አበቦች ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ፤ አጫጭር፣ ቅጠላቸው እስከማይታይ በአበባ የተሸፈኑ። ሦስቱም ፀሐይ ይወዳሉ፣ ውሃ የሚቋጥር አፈር ይጠላሉ፣ በየዓመቱም መልሰው ያብባሉ። የሚለያዩት ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የሰመሩ ሙቀት ሲበረታ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት የምትኖሩበትን ከተማ አስቡ።

ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው ያለ ማቅማማት ተንፏቃቂውን ፍሎክስ እላለሁ። የምሥራቅ አሜሪካ የራሷ ተክል ስለሆነ ወበቁንም ውርጩንም ይችላል። ቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ወደ ጎን ግን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንሰራፋል። ሮዝ፣ ሐምራዊና ነጭ አለው፤ ‹ካንዲ ስትራይፕ› የሚባለው ነጭ ላይ ሮዝ መስመር የተሰመረበት ነው (ለእኔ ትንሽ ይበዛብኛል)። ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ክረምት ከበጋ አይረግፍም። አበባው ሲያልቅ ከላይ በመቀስ ከርከም ካላደረጋችሁት መሃሉ እየተራቆተ ይሄዳል።

ኦብሪየታ በሐምራዊ አበባው ልብ ይሰርቃል። እንግሊዝ አገር ከድንጋይ አጥር ላይ ተንዠርግጎ ያየ ሰው ሌላ አያምረውም። የሚስማማው ግን ኖራ ያለበት አፈርና ቀዝቀዝ ያለ ሰመር ነው። ለንደን ወይም ሲያትል ላላችሁ ከፍሎክስ አስቀድመዋለሁ፤ ከዘር በቀላሉ ስለሚበቅል ወጪውም ይቀላል። ቨርጂኒያ ላይ ግን ሙቀቱና እርጥበቱ ተባብረው ብዙውን ጊዜ ያደርቁታል።

አይቤሪስ ነጭ ነው፤ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ግንዱ ሥሩ አካባቢ እንጨት ይሆናል። ሞቃታማውንም ቀዝቀዝ ያለውንም ሰመር ይችላል፤ ከተተከለ በኋላ መነቀል ስለማይወድ ቦታውን ቀድሞ ለወሰነ ሰው ነው።

ስትገዙ በአበባው ብዛት አትታለሉ፤ ገና እምቡጥ የያዘው ቤት ገብቶ ይፈካል። ችግኙን ከፕላስቲኩ ቀስ አድርጋችሁ አውጡና ሥሩን እዩ። ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ውሰዱት፤ ጠቁሮ የሚላላጥ ወይም የሚሸት ከሆነ መልሱት። ግቢያችሁ ቀይ ሸክላ አፈር ከሆነ ከችግኙ ጋር ጠጠር ግዙ፤ መደቡንም ከፍ አድርጉት። ፍሎክስ ከመረጣችሁ ብዙ አትግዙ። አፈር የነካው ቅርንጫፉ ሥር ስለሚያወጣ፣ ትዕግሥት ላለው ሰው አንዱ ችግኝ በሚቀጥሉት ዓመታት ተቆርጦ ለሌላው ጥግ ይተርፋል።