አራዳ ጊዮርጊስ፣ ሥላሴ፣ እንጦጦ፦ የአንድ ቀን ጉብኝቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ይበላሻል

መሃል አዲስ አበባ ያሉ አስጎብኚዎች ለውጭ እንግዳና ለዳያስፖራ የሚያቀርቡት የአንድ ቀን ጉብኝት የቦታ ምርጫው ጥሩ ነው፦ ጊዮርጊስና ሥላሴ ካቴድራሎች፣ ከዚያም የእንጦጦ ተራራ። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቀኑ ምንም ይሁን ምን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ተራራ ከተባለ እንግዳው ቅዳሴ ላይ ደርሶ ደጅ ይቆማል።

በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ መጀመሪያ እንጦጦ ይውጡ። ክረምት ላይም ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ያዋጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይገፋል፤ ያኔ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ካቴድራሎቹን አይቶ ከዚያ ወደ እንጦጦ መውጣት ይሻላል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ እንደ አዘቦቱ ነው። ወር በገባ በ7 ሥላሴን፣ በ21 እንጦጦ ማርያምን፣ በ23 ጊዮርጊስን ምእመን ይሞላቸዋል። ሥርዓቱን ማየት ለሚፈልግ እሰየው፣ ሥዕሎቹን ለሚፈልግ ግን ቀን መቀየር ነው።

ከሦስቱ ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው ጊዮርጊስ ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ቀኑ በራሱ በጊዮርጊስ ዕለት መዋሉን ልብ ይሏል። የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ያሉት ውስጥ ነውና ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተዘግቶ ካገኙት በሙዚየሙ በኩል ይጠይቁ። ሙዚየሙ የንግሥ አልባሳቱን ስለያዘ ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ሥላሴ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አፅማቸው በ1993 ዓ.ም. ያረፈባቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የድንጋይ መቃብሮች ውስጥ ናቸው፤ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው እንግሊዛዊት የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ግቢው ውስጥ ነው። ጫማ በር ላይ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ ይቆማሉ። ነጠላ ያልያዘች እንግዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ሽሮ ሜዳ ላይ ትገዛለች።

እንጦጦ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ትናንት ከባሕር ጠረፍ የበረረ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሽም ያጥረዋልና ውኃ ይያዝ፣ ቀስ ይበል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ማርያምና አጠገቧ ያለው ቤተ መንግሥት መጀመሪያ ይታዩ፣ ፓርኩ ቀጥሎ። የፓርኩ መንገዶች ምቹ ናቸው፤ ከመንገዱ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚገባ ግን ዝናብ ከዘነበ ይንሸራተታል፣ ከዛፉ ሥር አፈሩን የሚይዝ ሣር እምብዛም ስለሌለ። ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃል።

ኪሱን መጉዳት የማይፈልግ በታክሲ ይሂድ፦ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ወደ እንጦጦ። የአስጎብኚዎቹን ጥቅል የሚገዛ ደግሞ የመግቢያ ትኬቱ ዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ሙዚየሞቹ ውጭ ዜጋን ከሀገር ሰው ለይተው ያስከፍላሉ።