ለልጄ ኮምፒውተር የገጠመችልንን ባለሙያ ላመስግናት

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር ለማስገጠም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለገችም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቋን እነግራችኋለሁ።

ልጄ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ትማራለች። አውቶካድና ሬቪት የሚባሉትን የንድፍ ፕሮግራሞች የሚያሠራ ማሽን ያስፈልጋታል። የላፕቶፕ ዋጋ አልቀመስ ሲለን ዱባይ ያለ ዘመዳችን ራይዘን 5 5600ጂ የሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ላከልን። የቀረውን እዚሁ ልናሟላ ተነሳን። የልጅቷ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ትንሽ ማዘርቦርድና ትንሽ ኬዝ ነበር የምንፈልገው።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ኤኤም5 የሚባል የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) ያለው ቦርድ አውጥቶ "አዲስ ነው፣ ይሠራል" አለን። ለካ የእኛ ፕሮሰሰር የኤኤም4 ነው፤ እዚያ ሶኬት ላይ ጭራሽ አይገባም! ያ ቦርድ ራሙንም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ዲዲአር5 የሚባለውን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። ይህን የነገረችን ይህችው ባለሙያ ናት። ዋጋ ከመጥራቷ በፊት "ጋሼ፣ እስቲ ፕሮሰሰሩን ልየው" ነበር ያለችኝ።

ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሹ ቦርድ ሱቋ ውስጥ ነበራት። ከሌሎቹ ይወደዳል። ብትሸጥልን ደስ ብሎን ገዝተን እንወጣ ነበር። እሷ ግን ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለውን ተለቅ ያለ ቦርድ አጠገቡ አስቀምጣ ለልጄ አሳየቻት። ትንሹ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሌላው ቢበዛ 24.4 በ24.4። ልዩነቱ በየጎኑ ከ7 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለዚህች ስንት ነገር ይቀራል መሰላችሁ! ትንሹ የራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው። የመረጠችልን ግን አራት አለው። አሁን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም አስገብታለች፤ ወደፊት ሌላ ሁለት መጨመር እንችላለን፣ የምንጥለው የለም። 5600ጂ ግራፊክሱ አብሮት ያለና ከራሙ የሚጋራ ስለሆነ፣ ሁለት ሆኖ መግባቱ ለፍጥነቱም ይረዳል።

እኔ "ቢ550 የሚባለው የቦርድ ዓይነት ይሻላል" የሚል ወሬ ሰምቼ ስለነበር እሱን ጠየቅኳት። የቢ550 ዋናው ብልጫ ፒሲአይ 4.0 (ግራፊክስ ካርድና ኤስኤስዲ የሚገናኙበት ፈጣኑ መስመር) ነው፣ የእናንተ ፕሮሰሰር ደግሞ እስከ 3.0 ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ለማይሠራላችሁ ነገር አትክፈሉ አለችኝ። ቢ450 የሚባለውን፣ ያገለገለ ቦርድ መረጠችልን። ከዋጋው ልዩነት በተረፈው ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) ገዛን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው የባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም፣ ነገር ነው። የቆየ ቢ450 ባዮሱ ካልታደሰ 5600ጂን አያውቀውም፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ለዚህ ብላ አሮጌ ፕሮሰሰር ሱቋ ውስጥ ታስቀምጣለች። እሱን አስገብታ ባዮሱን አደሰችው። በመሀል መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ከዩፒኤስ ጋር ሳታገናኝ አልጀመረችም። የአዳማን መብራት የምታውቁ ይገባችኋል። ሲያልቅ ፊታችን አስነስታ አሳየችን፤ ዋስትናውንም በደረሰኙ ላይ ጻፈችልን።

ኬዙንም ፊቱ ላይ የአቧራ ማጣሪያ ያለውን ነው ያመጣችልን። ለዚህ ከተማ ነፋስና ሙቀት ይህ ቅንጦት አይደለም። ቦርዱ ዋይፋይ የለውም፤ አስቀድማ ነግራን ስለነበር በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ ጨመርን።

የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ብዙ ማትረፍ ስትችይ የሚጠቅመንን ነው የነገርሽን። ልጄ አሁን ሥራዋን ቤቷ ተቀምጣ ነው የምትሠራው።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ፕሮሰሰር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁም ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ ንገሯት። ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛባታል። ጠዋት ብትደርሱ ጊዜ ሰጥታ ታስረዳችኋለች።